ውሃቸው ከየት ነው? ከእናቴ ጋር በአሜሪካ በረሃዎች

እንደምን አመሻችሁ። ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በትራክ ሹፌርነቴ ነው። ከዳላስ ወደ ምዕራብ፣ ከምዕራብ ወደ ዳላስ ስመላለስ 11 ዓመት ሆኖኛል። የምጎትተው በአብዛኛው ሪፈር ነው፤ ማቀዝቀዣ ያለው ተሳቢ ማለት ነው። "በረሃውን እንዳንተ የሚያውቀው የለም፤ መጥተህ ንገረን" ስትሉኝ ደስ አለኝ። ግን አንድ ነገር ላስተካክል። እኔ የማውቀው መንገዱን ነበር። ነዳጅ የት እንደሚረክስ፣ ሚዛን የት እንዳለ፣ የት አቁሞ ማደር እንደሚቻል አውቃለሁ። በረሃውን ያየሁት ግን ባለፈው ሰኔ ነው። ያሳየችኝም እናቴ ናት።

እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ድሬዳዋ ተወልዳ ያደገች፣ እኛንም እዚያው ያሳደገች ሴት ናት። ልትጠይቀን መጥታ፣ "ሁልጊዜ ስደውልልህ በረሃ ላይ ነኝ ትለኛለህ። እስቲ ይሄን በረሃህን አሳየኝ" አለችኝ። ፈቃድ ወሰድኩና በቤት መኪና ወጣን። 16 ቀን ፈጀብን። ቴክሳስ፣ ኒው ሜክሲኮ፣ አሪዞና፣ ኔቫዳ፣ ካሊፎርኒያ።

በተነሳንበት ጠዋት ሁለት ጀሪካን ውሃ ሞልታ ከኋላ ጫነች። "እማዬ፣ ውሃ እኮ በየመንገዱ ይሸጣል" አልኳት። "የሚሸጠውስ ከየት መጥቶ ነው?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ በደረስንበት ከተማ ሁሉ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ያንኑ ነው። ሆቴል ስንገባ፣ ምግብ ስንበላ፣ አረንጓዴ ነገር ስታይ። "ውሃቸው ከየት ነው?" ዛሬ የማወራችሁ ሁሉ ይህቺን ጥያቄ ተከትለን ያየነውን ነው።

ቴክሳስን ቶሎ ልለፈው። ቀኑን ሙሉ ነድተን ማታም ቴክሳስ ውስጥ ነበርን። ከሚድላንድና ከኦዴሳ ወዲያ የነዳጅ ፓምፖች አንገታቸውን ሲደፉና ሲያቀኑ ይታያሉ። ከዚያ ወዲያ ሜዳ ነው። መንገዱ በሰዓት 80 ማይል የሚፈቀድበት ነው፤ እና በዚያ ፍጥነት ስትሄዱ ምንም አይታያችሁም። ይህን ለራሴም ነው የምለው።

መጀመሪያ በደንብ የቆምነው ኒው ሜክሲኮ፣ ዋይት ሳንድስ ነው። ከአላሞጎርዶ ከተማ አጠገብ 710 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ነጭ አሸዋ ተንጣሏል። እማዬ በረዶ መስሏት ነበር። አሸዋው ጄሶ ነው። ያው ቤት የሚለሰንበት፣ የተሰበረ እጅ የሚታሰርበት ጄሶ። ጄሶ ውሃ ውስጥ ስለሚሟሟ ሌላ ቦታ ቢሆን ወንዝ ጠርጎ ባህር ይከተዋል። እዚህ ግን ሸለቆው መውጫ የለውም። ከተራራው የወረደው ውሃ እዚያው ተኝቶ ይተናል፤ ጄሶው ይቀራል፤ ነፋስ ፈጭቶ ይከምረዋል። አዋሽን አስቡት። ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ባህር ሳያይ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። እንደዚያው ነው።

እማዬ ጫማዋን አወለቀች። በዚያ ፀሐይ እግሯ የሚቃጠል መስሎኝ ልከለክላት ነበር። አሸዋው ግን ቀዝቃዛ ነው። ነጭነቱ ብርሃኑን መልሶ ይወረውረዋል፤ ከስሩም ብዙ ሳይርቅ እርጥበት አለ። "ይኸው፣ ውሃው ከታች ነው" አለች፣ እኔ የጽሑፍ ሰሌዳውን አንብቤ ሳልጨርስ።

እዚያ ቦታ ድንጋይ የሆነ የሰው ዱካ ተገኝቷል። በ2021 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነ ጥናት ዕድሜው ከ21,000 እስከ 23,000 ዓመት ነው ተብሏል። ከዚያ ሌላ፣ ከ10,000 ዓመት በላይ የሆነው አንድ ረጅም ዱካ አለ። አንዲት ሴት ናት፣ ወይም ወጣት ልጅ። ከ1.5 ኪሎ ሜትር በላይ በጭቃ ላይ እየፈጠነች ሄዳለች። በየመሃሉ ከጎኗ የሕፃን ልጅ እግር ብቅ ይላል። አውርዳው ታርፍና መልሳ ታነሳዋለች። አንዱ እግር ከሌላው ሰፋ ብሎ ነው የታተመው። በዚያው መንገድ ስትመለስ ግን ሕፃኑ የለም። ይህን ለእማዬ ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና፣ "በጎኗ ታቅፋው ነው፤ ብታዝለው ኖሮ እግሯ እኩል ይረግጥ ነበር" አለች። አራት ልጅ ያሳደገች ሴት እንደዚህ ነው የምታነበው። ቀጥላ፣ "ለሰው አድርሳው ነው የተመለሰችው" አለች። እንደዚያ ይሁን ብዬ እኔም ተቀበልኳት። በዚያ ዘመን ቦታው ሐይቅ ነበር፤ ዱካውም የታተመው በዳርቻው ጭቃ ላይ ነው።

አሪዞና ስንገባ እማዬ ፊቷ በራ። በለስ አየች! "የኛው በለስ! ማን አመጣው?" አለች። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ በለስ አገሩ ይሄ ነው፣ ከአሜሪካ ምድር ተነስቶ ነው እኛ ጋ የደረሰው። ቁልቋላችን ደግሞ ካክተስ ቢመስልም ካክተስ አይደለም። ሲቆረጥ ነጭ ወተት ይወጣዋል፤ ዘሩም ሌላ ነው። ሁለቱን ያመሳሰላቸው ድርቀት ነው። በሁለት አህጉር፣ ዝምድና ሳይኖራቸው፣ ተመሳሳይ ችግር ተመሳሳይ መልክ ሰጣቸው።

ቱሳን ከተማ ዳር ሳዋሮ የሚባለው ትልቁ ካክተስ አለ። ክንዱን ወደ ሰማይ ያነሳ፣ በሥዕል ሁላችንም የምናውቀው። በሶኖራ በረሃ ካልሆነ በቀር የትም በራሱ አይበቅልም። ችግኙ በስምንት ዓመት ከጣት ውፍረት ብዙ አይበልጥም። የሚያድገውም በሌላ ዛፍ ጥላ ሥር ተደብቆ ነው፤ ሞግዚት ዛፍ ብንለው ይሻላል። የመጀመሪያ ክንዱን የሚያወጣው ከ50 እስከ 75 ዓመት ሲሆነው ነው፤ እርጥበት ባነሰበት ቦታ 100 ዓመትም ሊፈጅበት ይችላል። እማዬ አንዷን አጠር ያለች ሳዋሮ አገኘች፤ አንድ ክንድ ብቻ፣ ያውም ገና እንደ ብርቱካን ያበጠ። "እኩያዬ ናት" ብላ አጠገቧ ቆመች። ያ ፎቶ ቤቴ ግድግዳ ላይ ነው ያለው።

ቀረብ ብላችሁ ብታዩት ግንዱ እንደ ቀሚስ ሽንሽን ነው። ዝናብ ሲጠጣ ሽንሽኑ ይከፈታል፤ ሲጠማው ይሰበሰባል። ስለዚህ ዛፉን አይታችሁ የመጨረሻው ዝናብ ራቅ ማለቱን ወይም ቅርብ መሆኑን መናገር ትችላላችሁ። የቶሆኖ ኦዳም ሕዝብ፣ የዚያ በረሃ ባለቤቶች፣ ፍሬውን በሰኔ ይለቅማሉ። ዘንጉን የሚሠሩት ከሞተ ሳዋሮ የጎን አጥንት ነው። ከፍሬው ሽሮፕ ያወጣሉ፤ ዝናብ የሚለምኑበትን ጠጅም ይጥላሉ። አዲስ ዓመታቸውም የሚጀምረው ያኔ ነው። ለእነሱ ሳዋሮ ሰው ነው። እኔ ይህን ዛፍ 11 ዓመት በመስኮት ሳየው እንደ መብራት እንጨት ነበር የማየው።

ከቱሳን ወደ ፊኒክስ ስንሄድ የሆነውን ላውራ፤ እዚህ ያላችሁ ሹፌሮች በተለይ አዳምጡኝ። ከሰዓት በኋላ ነው። በስተደቡብ ቡናማ ግድግዳ ተነሳ። አፈር ነው፤ ከመሬት እስከ ደመና። አሪዞናዎች በአረብኛ ስሙ ሀቡብ ይሉታል። አስር ደቂቃ ሳይሞላ ኮፈኑ እንኳን አልታየኝም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ከመንገዱ ጨርሳችሁ ውጡ። ከዚያ መብራት በሙሉ አጥፉ፤ የፊቱንም፣ የኋላውንም፣ ብልጭ ድርግም የሚለውንም። እግራችሁን ከፍሬን ላይ አንሱ፤ ፍሬን ከተረገጠ የኋላ መብራት ይበራል። ከኋላ የሚመጣው ሰው ምንም ስለማይታየው የናንተን መብራት መንገድ ነው ብሎ ይከተላል፤ መጥቶም ይገጫችኋል። ሰው የሚሞተው እንዲህ ነው። እማዬ፣ "መብራት አብራ እንጂ!" እያለች፣ በመሃል "ቁልቢ ገብርኤል!" እያለች እጄን ጨምቃ ይዛኝ ነበር። ያን ያህል የረዘመ ሩብ ሰዓት አላውቅም።

አፈሩ ሲያልፍ ዝናብ መጣ። የበረሃው ቁጥቋጦ ሲረጥብ የሚሰጠው ሽታ አለ፤ አንዴ ያሸተተው ሰው አይረሳውም። መስኮት ከፍተን ዝም ብለን ተቀመጥን። ትንሽ ሄድ እንዳልን መንገዱ ተዘግቷል። ጠዋት አሸዋ ብቻ የነበረ ደረቅ ወንዝ ቡናማ ውሃ ይዞ፣ ግንድ እያንከባለለ ይሄዳል። እኛ ያለንበት ቦታ ግን ያን ያህል አልዘነበም። የዘነበው ተራራው ላይ ነው።

እማዬ ከመኪና አልወረደችም። እኔም አልወረድኩም። የድሬ ሰው ይህን ያውቃል። ደቻቱ፣ ድሬዳዋን የሚያቋርጠው ደረቅ ወንዝ፣ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። ሁለቱን የከተማዋን ክፍሎች፣ ከዚራንና መጋላን፣ የሚለየው እሱ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት፣ ዝናቡ ደጋው ላይ ዘንቦ፣ ደራሽ ውሃው የተኛ ሰው ላይ ወረደ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። በአሪዞና አጥር ጥሶ ጎርፍ ውስጥ የገባ ሹፌር የሚያወጡትን ሰዎች ወጪ የሚከፍልበት ሕግ አለ። ሕጉን ለእማዬ ስነግራት፣ "ይሄ ጥሩ ሕግ ነው" አለች፣ ዓይኗን ከውሃው ሳትነቅል።

ፊኒክስን በመኪና ብቻ ነው ያለፍነው፤ ሙቀቱ አላስቆመንም። ከተማዋ በ2023 እ.ኤ.አ. 31 ቀን በተከታታይ 110 ፋራናይት፣ ማለትም ከ43 ሴልሺየስ በላይ ሆና ከርማለች። በዚያ ዓመት በአውራጃው በሙቀት ሰበብ የሞተው ሰው 645 ነው። "ውሃቸው ከየት ነው?" የሚለው እዚህ ጥሩ መልስ አለው። ከፊሉ የሚመጣው ከ336 ማይል ርዝመት ካናል ነው። ከኮሎራዶ ወንዝ ተነስቶ በረሃውን አቋርጦ እስከ ቱሳን ይደርሳል። ውሃው ሽቅብ ነው የሚሄደው፤ ከ800 ሜትር በላይ በፓምፕ ይነሳል። ከዚያ በፊት ሆሆካም የሚባሉ ሕዝቦች በእጃቸው ቆፍረው በመቶዎች የሚቆጠሩ ማይሎች የሚረዝሙ የመስኖ ቦዮች ሠርተው ነበር። ኋላ የመጡት ሰፋሪዎች የነሱን ቦይ ጠርገው ነው የጀመሩት። የከተማዋ ስምም ከዚያ የመጣ ነው፤ ከአመድ የምትነሳው ወፍ።

አሁን ወደ ሰሜን ልውሰዳችሁ፣ ወደ ናቫሆ ምድር። እዚህ ሰዓታችሁ ግራ ይጋባል። አሪዞና በበጋ ሰዓት አይቀይርም፤ ናቫሆ ግን ይቀይራል። ስልኬ አንዴ ይሄን አንዴ ያን ይላል። ምድሩ 70,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሦስት ግዛት ይነካል። ቶናሊያ የምትባል ትንሽ መንደር ስንደርስ የኋላ ጎማችን ፈነዳ። ቅያሪ ጎማ ነበረኝ፤ መሬቱ ግን ልል አሸዋ ስለሆነ ክሪኩ እየሰመጠ አስቸገረኝ። አንድ ፒክአፕ ቆመ። አንድ ጎልማሳ ሰውና እናቱ ናቸው። ሰውየው ቃል ሳይናገር ጣውላ አውርዶ ከክሪኩ ሥር አስገባልኝ።

ከፒክአፑ ኋላ ትልቅ የፕላስቲክ ታንከር አለ። ውሃ ሊቀዱ እየሄዱ ነው። ቤታቸው ቧንቧ የለም። በናቫሆ ምድር ከሦስት ቤት አንዱ ገደማ ቧንቧ የለውም። አሜሪካ ውስጥ ነው ይህ። ጎማው ከተቀየረ በኋላ እማዬ "እንሂድና እናግዛቸው" አለች። ተከትለናቸው ሄድን። መቅጃው ቦታ ላይ ሌሎች መኪናዎች ተሰልፈዋል። ወፍራም የውሃ ጎማ ከላይ ይንጠለጠላል፣ ሳንቲም ይገባል፣ ውሃው ይወርዳል። አሮጊቷ ታንከሩ ሲሞላ ጎማውን ወዲያው አልለቀቁትም። ከፍ አድርገው አራገፉት፤ ውስጡ የቀረው ሁሉ ትንሽ ባልዲ ውስጥ ወረደ። ከዚያ ባልዲውን ለአንዲት ውሻ አቀረቡላት።

እማዬ እንግሊዝኛ አትችልም። እሳቸውም ከልጃቸው ጋር የሚያወሩት በናቫሆ ነው። ጣታቸውን ወደ ውሃው ቀስረው "ቶ" አሉ። እማዬ "ውሃ" አለች። "ውሃ" አሉ እሳቸው። "ቶ" አለች እሷ። ሁለቱ ሴቶች ይህን ደጋግመው ሲሉ እኔና ልጃቸው ዝም ብለን አየናቸው። የዚያ አካባቢ ቦታ ስሞች ብዙዎቹ በ"ቶ" ይጀምራሉ። ቶናሊያ ራሷ ውሃ የሚሰበሰብባት ማለት ናት።

ናቫሆዎች ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በ1868 እ.ኤ.አ. ውል ተፈራርመዋል። ያ ውል ውሃ የማስገኘት ግዴታ በመንግሥት ላይ ይጥላል ብለው ተከራከሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2023 እ.ኤ.አ. 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ፣ እንዲህ ያለ ግዴታ የለም ብሎ ወሰነ። አንድ ድምፅ። ያን ባልዲ ካየሁ በኋላ ይህን ውሳኔ ሳስብ ሆዴን ይበላኛል።

ቀጥሎ ሁቨር ግድብ ነው። እማዬ ለዓባይ ግድብ ቦንድ ከገዙት አንዷ ናት፤ ወረቀቱን እስከ ዛሬ ከሳጥን አታወጣውም። ግድቡ አናት ላይ ቆማ ወደ ታች አየችና፣ "ከኛው ይበልጣል?" አለችኝ። በቁመት ይበልጣል። ሁቨር 221 ሜትር ነው፤ የኛው 145። በሚይዘው ውሃ ግን የኛው ከእጥፍ በላይ ነው። ይህን ስነግራት ሻርፗን አስተካከለች፤ ሌላ ነገር አላለችም።

ግን ልቧን የነካው ግድቡ አልነበረም። ሐይቁን ከቦ ያለው ነጭ ቀለበት ነው። ድንጋዩ ከላይ ቡናማ፣ ከታች እስከ ውሃው ድረስ ነጭ ሆኖ ይታያል። ነጩ ውሃው የነበረበት ልክ ነው። ሐይቁ ሞልቶ ከነበረበት፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ወር 57 ሜትር ያህል ወርዶ ነበር። እማዬ ነጩ ምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። "የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጥለው ነው" አለች። ልክ ናት። ካልሲየም ነው። ድሬ ያደገ ሁሉ ያንን ነጭ ቅርፊት በቢላ ፍቆ ያውቃል። እና ቀጠለች። "አለማያም እንዲህ ነበር የጀመረው።" አለማያን ታስታውሳላችሁ። የሐረር ከተማ ይጠጣው ነበር፤ ጫትም ይጠጣው ነበር፤ ደለል ሞላው። አንድ ቀን ሐይቁ ሜዳ ሆነ። ዓመታት ቆይቶ ነው ውሃ መመለስ የጀመረለት።

የኮሎራዶ ወንዝ 2,330 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። 40 ሚሊዮን ሰው ከሱ ይጠቀማል። በ1922 እ.ኤ.አ. ኅዳር ላይ የሰባት ግዛቶች ተወካዮች ሳንታፌ አጠገብ ተሰብስበው ወንዙን በወረቀት ተካፈሉ። ስብሰባውን የመራው ኸርበርት ሁቨር ነው፤ ያኔ የንግድ ሚኒስትር ነበር። የለኩት ዝናብ በበዛባቸው ዓመታት ነው። ስለዚህ ወንዙ ከሚያመጣው በላይ ተካፈሉ። ሜክሲኮ አልተጠራችም፤ ድርሻዋ በውል የተጻፈው በ1944 እ.ኤ.አ. ነው። ነባር ሕዝቦችም አልተጠሩም። በውሉ ውስጥ ስለነሱ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ያችን አሮጊት አስቡ፤ አያቶቻቸው በዚያ ወንዝ ዳር ነበሩ።

እኛ ለእንዲህ ያለ ወረቀት እንግዳ አይደለንም። በ1959 እ.ኤ.አ. ግብፅና ሱዳን ዓባይን ሲካፈሉ ለግብፅ 55.5፣ ለሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ተባለ። አብዛኛውን ውሃ የምታመነጨው ኢትዮጵያ ስሟም አልተነሳ። ስለዚህ እዚያ ግድብ ላይ ቆሜ ነገሩ ከሩቅ የማየው የሌላ ሰው ታሪክ አልመሰለኝም። የኮሎራዶ አጠቃቀም መመሪያ በ2026 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ያበቃል። በምትኩ ለሚመጣው ድርድር ጆሮአችንን ብንሰጥ ብዙ እንማራለን ብዬ አምናለሁ።

ላስ ቬጋስ የራሳችን ሰዎች ብዙ ናቸው። በ2023 እ.ኤ.አ. አውራጃው አንዱን ሰፈር ሊትል ኢትዮጵያ ብሎ ሰይሞታል። የተቀበለን ሰው ዱሮ ታክሲ ይነዳ ነበር። ግቢው ጠጠር ነው፤ ሁለት የበረሃ ተክል አለበት። ሣሩን ነቅሎ የውሃ መሥሪያ ቤቱ በስፋቱ ልክ ከፍሎታል። እማዬ ማመን አቃታት። "ሣር ለመንቀል ገንዘብ ይከፈላል?" አዎ፣ ይከፈላል። ለመልክ ብቻ የተተከለ ሣር በመንገድ አካፋይና በመሥሪያ ቤቶች ደጅ እንዳይቀር ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕግ አለ። ላስ ቬጋስ በስፓኒሽ መስክ ማለት ነው፤ ምንጭ ያለበት ለምለም መስክ። ምንጩ በ1962 እ.ኤ.አ. ቆመ። አሁን 90 በመቶው ውሃ ከዚያ ነጭ ቀለበት ካለው ሐይቅ ነው የሚመጣው። ነገር ግን ቤት ውስጥ በቧንቧና በሽንት ቤት የሚሄደው ውሃ ከሞላ ጎደል ሁሉም ተጣርቶ ወደ ሐይቁ ይመለሳል። መብራቱን ብቻ አይተን ይህችን ከተማ አባካኝ ነበር የምንላት። እኔ አሁን አልልም።

ማታ ቡና ተፈላ። ቄጤማው ፕላስቲክ ነው። እማዬ ጎዝጓዟን ልጅ ጠርታ፣ "ይሄ ነው ለዚህ አገር የሚሆነው" ብላ መረቀቻት።

ዴዝ ቫሊን ፀሐይ ሳትበረታ ነው ያየነው። ከባህር ወለል 86 ሜትር ዝቅ ይላል። በ1913 እ.ኤ.አ. 56.7 ሴልሺየስ የተመዘገበበት ቦታ ነው። ዳሎል ከዚህም ዝቅ ትላለች። እማዬ ጨዉን በጣቷ ነክታ ቀመሰችና፣ "አሞሌ" አለች። ሸለቆው የሞት ይባላል እንጂ የቲምቢሻ ሾሾኒ ሕዝብ ይኖርበታል፤ በ2000 እ.ኤ.አ. በሕግ መሬት የተመለሰለት ነው። ያ ስም ደስ የማይላቸው መሆኑ አይገርመኝም።

ከዚያ ወደ ደቡብ። ኢምፔሪያል ሸለቆ ስትደርሱ በረሃው ድንገት ይቆማል፤ እስከ ዓይን ዳር አረንጓዴ ነው። እዚህ ያለው እርሻ ከኮሎራዶ ትልቁን ድርሻ ይወስዳል። 130 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ካናል ያመጣለታል። በበጋ የምታዩት ብዙው አልፋልፋ ነው፤ የከብት ድርቆሽ። እዚህ ውስጥ ሪያድና ጅዳ የሠራችሁ እህቶች አላችሁ። ሳዑዲ የራሷ የከርሰ ምድር ውሃ ሲያልቅባት አልፋልፋ በአገሯ እንዳይዘራ ከለከለች፤ አንድ የወተት ድርጅቷ አሪዞና ላይ መሬት ተከራይቶ ድርቆሹን በመርከብ ይወስድ ነበር። የአሪዞና መንግሥት በ2023 እ.ኤ.አ. ከኪራዮቹ አንዱን ሰርዟል። እናንተ ጅዳ ከሱቅ የገዛችሁት ወተት የኮሎራዶ ጎረቤት ውሃ ኖሮበት ይሆናል።

የመጨረሻው ዩማ ነው። ዩማን ከማንም በላይ አውቃታለሁ። ከኅዳር እስከ መጋቢት ሰላጣ የምጭነው ከዚያ ነው። በክረምት አሜሪካ የምትበላው ቅጠል አብዛኛው ከዚያ አካባቢ ይወጣል። እማዬን የምጭንበትን መጋዘን አሳየኋት። "ስንት ትጭናለህ?" አለችኝ። ወደ 18 ቶን። "ሰላጣ ሲጨመቅ ውሃ ነው እኮ" አለች። ቆም ብዬ አሰብኩ። ከ100 እጁ 95ቱ ውሃ ነው። ስለዚህ አንድ ተሳቢ 17 ቶን ውሃ ነው። በየክረምቱ፣ በየሳምንቱ፣ 11 ዓመት። በተነሳንበት ጠዋት ዳላስ ላይ "የሚሸጠውስ ከየት መጥቶ ነው?" ስትለኝ መልሱን በጀርባዬ ተሸክሜው ነበር የኖርኩት።

ከዩማ ወረድ ብሎ ሜክሲኮዎች ሞሬሎስ የሚባል ግድብ አላቸው። ከወንዙ የቀረውን ወደ እርሻቸው ይወስዱታል። እኛ ከዚያም በታች ወረድን፣ ሳን ሉዊስ ወደምትባል የድንበር ከተማ። ወፍራም የብረት ዘንግ የቆመበት የድንበር አጥር አለ። እማዬ ፊቷን ዘንጎቹ መሃል አስጠግታ ብዙ ቆየች። ከማዶ ሰፊ የአሸዋ መንገድ ነው የሚታየው። ዳርና ዳሩ ቁጥቋጦ። መሃሉ ላይ የጎማ ዱካ።

"ወንዙ የት ነው?" አለችኝ።

"እሱ ነው።"

"ያ ግድቡ ላይ ያየነው?"

"ያው ራሱ።"

እንደገና አየችው። "ይሄማ ደቻቱ ነው" አለች።

መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ወደ ኋላ ዞራ ከዳላስ የጫነችውን ሁለተኛውን ጀሪካን በእጇ ወዘወዘችው። "ግማሽ አለው፤ እስከ ቤት ያደርሰናል" አለች።